መምህር የልጅን ስሌት እንዴት ይረዳል? የሒሳብ ትምህርት በጋምቤላ

የመጀመሪያ ደረጃ መምህር የተማሪዎችን የሒሳብ ደብተር ሰብስቦ ሲያርም በእያንዳንዱ መልስ ላይ ራይት ወይም ኤክስ ያደርጋል፤ የራይቶቹ ብዛት ተቆጥሮ በማርክ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅም በካርድ ለወላጅ ይደርሳል። መምህሩ በዚህ ሥራ ተማሪው ከአሥር ጥያቄ ስንቱን እንዳገኘ በትክክል ያውቃል። ልጁ ወደዚያ መልስ የደረሰበት መንገድ ግን፣ ይኸውም ቁጥሮቹን እንዴት እንደተረዳቸው፣ የትኛውን ደንብ ከየት አምጥቶ እንደተጠቀመበት፣ የት ላይ እንዳመነታና የት ላይ በእርግጠኝነት እንደሄደ፣ ከእርማቱ ውጭ ይቀራል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ከእርማት ውጭ የሚቀረው ነገር ነው። የሚቀርበው ሐሳብም የልጆች የተሳሳተ መልስ በአብዛኛው ምክንያት ያለው እንደሆነ፣ ያንን ምክንያት ሰምቶ መረዳትና በዚያው ላይ ተመሥርቶ ቀጣዩን ጥያቄ መምረጥ የመምህርነት ሙያ ዋና ክፍል እንደሆነ፣ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበትና የትምህርት ዘመኑ በጎርፍና በመፈናቀል በሚቆራረጥበት በጋምቤላ ክልል ደግሞ ይህ ችሎታ ከብዙ ቦታ ይልቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በየትኛውም የሦስተኛ ክፍል ደብተር ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን አንድ ስሌት በቅርብ መመርመር ይጠቅማል። ልጁ 52 ሲቀነስ 27 ስንት እንደሆነ ተጠይቆ 35 ብሎ ይጽፋል። መልሱ 25 መሆን ስለነበረበት ኤክስ ይደረግበታል፣ ብዙ ጊዜም በደብተሩ ጠርዝ ላይ «ተጠንቀቅ» የሚል ቃል ይታከልበታል። ይሁን እንጂ ልጁ የጎደለው ጥንቃቄ አይደለም። በአንድ ቤት ያሉትን 2 እና 7 ተመልክቶ ከ7 ላይ 2 ቀንሶ 5 አግኝቷል፣ በአሥር ቤት ያሉትን 5 እና 2 ተመልክቶ 3 አግኝቷል፣ ሁለቱንም ቅነሳ ያለ ስህተት ሠርቷል። ከ7 ላይ 2 የቀነሰውም ባንድ ወቅት የተነገረውን ስላከበረ ሊሆን ይችላል፤ በታችኛው ክፍል ቅነሳ ሲጀመር «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም» የሚለው ደንብ በቃል ይነገራልና። ልጁ ይህንን ደንብ ሙሉውን ቁጥር ትቶ በእያንዳንዱ ቤት ለየብቻ ሥራ ላይ አዋለው። ስለዚህ ያልገባው ነገር ቅነሳ ሳይሆን የቦታ ዋጋ የሚባለው ነው፤ የቦታ ዋጋ ማለት አንድ አኃዝ በተጻፈበት ቤት መሠረት የሚሸከመው ዋጋ ሲሆን፣ በ52 ውስጥ ያለው 5 አምስት ሳይሆን አምስት አሥሮች፣ ማለትም ሃምሳ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት የአንድ ልጅ ወይም የአንድ አገር ጉዳይ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ልጆች በቅነሳ ላይ የሚፈጽሟቸው ስህተቶች እንደ ዘፈቀደ የሚታዩ ቢሆኑም አብዛኞቹ ወጥ ሥርዓት እንዳላቸው፣ የልጁ ሥርዓት አንዴ ከታወቀም በሚቀጥለው ጥያቄ የሚጽፈውን የተሳሳተ መልስ አስቀድሞ መናገር እንደሚቻል አሳይተዋል። ከእነርሱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ስታንሊ ኤርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ የባሰውን አመለከተ። በጽሑፉ ቤኒ በሚል ስም የተጠራው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፈተናዎችን እያለፈ ከክፍሉ ተማሪዎች ወደፊት የተራመደ፣ በመምህሩም ዘንድ ጎበዝ ተብሎ የተቆጠረ ነበር፤ ኤርልዋንገር አጠገቡ ተቀምጦ ሲያነጋግረው ግን ልጁ ሁለት አሥረኛን ወደ አስርዮሽ ቁጥር ሲለውጥ 1.2፣ አምስት አሥረኛን ሲለውጥ 1.5 እንደሚል፣ ይህም ላዕሉን ከታሕቱ ጋር ደምሮ ነጥብ የማስገባት የራሱ ደንብ ስላለው እንደሆነ ተረዳ። የሚያስደነግጠው ልጁ መሳሳቱ ብቻ አይደለም። በትክክለኛ መልሶች ተሸፍኖ ማንም ሳያውቅበት ለዓመታት መቆየቱ ይበልጥ ያስደነግጣል። ራይት የተደረገበት መልስም እንደ ኤክሱ ሁሉ «እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚገባው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ልጆች መደመርና መቀነስን ከመማራቸው በፊት የሚያውቁት ነገር መኖሩን በተደራጀ መንገድ ካጠኑት መካከል በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶማስ ካርፐንተርና ኤሊዛቤት ፌኔማ ይጠቀሳሉ። እነርሱና የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዳስረዱት፣ ልጆች ለአንድ የቃላት ጥያቄ መልስ የሚያገኙባቸው መንገዶች በሦስት ደረጃ ሊታዩ ይችላሉ። አንዲት ልጅ 5 ማንጎ ኖሯት አጎቷ የተወሰነ ማንጎ ጨምሮላት በጠቅላላው 12 ቢሆንላት አጎቷ የሰጣት ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጀማሪው ልጅ ታሪኩን በዕቃ ይሠራዋል፤ አምስት ጠጠር ያስቀምጣል፣ አሥራ ሁለት እስኪሞላ ሌላ ጠጠር ይጨምራል፣ የጨመረውን ለይቶ ይቆጥራል። ከዚያ ከፍ ያለው ልጅ ጠጠሩን ትቶ አምስትን በቃሉ ይይዝና ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያለ እስከ አሥራ ሁለት በጣቱ ይቆጥራል። ሦስተኛው ደግሞ ከሚያውቀው ተነሥቶ የማያውቀውን ያወጣል፤ አምስትና አምስት አሥር ነው፣ ሁለት ሲጨመር አሥራ ሁለት ይሆናል፣ ስለዚህ ሰባት ነው ይላል። ሦስቱም ልጆች 7 ብለው ይጽፋሉ፣ ሦስቱም ራይት ያገኛሉ፣ ነገር ግን ነገ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለቱን ቁጥሮች ዝም ብሎ ደምሮ 17 የሚለው አራተኛ ልጅ ደግሞ መደመር የሚችል፣ ታሪኩን ግን ያልተከተለ ነው፤ መልሶ መደመርን ማስተማር ለእርሱ ምንም አይፈይደውም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አርባ የአንደኛ ክፍል መምህራን ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ስለ ልጆች አስተሳሰብ የሚያስረዳ የአራት ሳምንት ሥልጠና ተሰጣቸው፤ እንዴት ያስተምሩ የሚል መመሪያ ግን አልተሰጣቸውም። በቀጣዩ ዓመት ሠልጣኞቹ ለቃላት ጥያቄ ሰፊ ጊዜ ሰጡ፣ ለነጠላ የመደመርና የመቀነስ ልምምድ የሰጡት ጊዜ አነሰ፣ ተማሪዎቻቸው መልሱን ያገኙበትን መንገድ አብልጠው አዳመጡ፤ ተማሪዎቻቸውም ጥያቄ በመፍታትም ሆነ በቃል ሊያዙ በሚገባቸው ስሌቶች ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ይህ ውጤት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ልጅን ማዳመጥ ጊዜ ያባክናል፣ የቃል ጥናትን ያዳክማል የሚል ሥጋት በአገራችን መምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ ይነሣልና። የማባዛት ሰንጠረዥን በቃል መያዝ አስፈላጊ ነው፤ ስድስት ጊዜ ሰባትን በየጊዜው በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ወደ ክፍልፋይ ሲደርስ ይደክማል። ይሁንና በቃል የተያዘው ነገር ትርጉም ካለው ነገር ጋር ሲያያዝ ይጸናል እንጂ አይዳከምም።

የጥያቄው አነጋገር ራሱ ምን ያህል እንደሚወስን ቶም ሃድሰን በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ያሳያል። ለአንደኛ ክፍል ልጆች ወፎችና ትሎች ያሉበት ሥዕል ቀርቦላቸው ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ ተብለው ሲጠየቁ በትክክል የመለሱት 64 በመቶ ነበሩ፤ ያንኑ ሥዕል እያዩ እያንዳንዱ ወፍ አንድ አንድ ትል ቢይዝ ትል የማይደርሳቸው ወፎች ስንት ናቸው ተብለው ሲጠየቁ ግን ሁሉም በትክክል መለሱ። ስሌቱ አንድ ነው፣ ቁጥሮቹም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው አነጋገሩ ብቻ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ባልሆነ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች በሚኖሩበት ክፍል ውስጥ የዚህ ግኝት ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ጉዳዩን ወደ ጋምቤላ የሚያመጣውም ይኸው ነው።

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል መሠረት እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ከተፈቀደ በኋላ ነው፤ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ የሚመጣው ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ከደጋ በሚወርደው ቡና የሚለወጥባት፣ ከመነሻዋ ጀምሮ ብዙ ቋንቋ የሚሰማባት ገበያ ነበረች። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 47 በመቶ የሚጠጋው ኑዌር፣ 21 በመቶው አኝዋሃ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ፣ ከሌሎች ክልሎች የመጡ አማሮች፣ ኦሮሞዎች፣ ከፊቾዎችና ሌሎችም ይኖራሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላ አኝዋሃ፣ ኑዌርና መዠንግር በታችኛው የመጀመሪያ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነዋል፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ለትምህርት ሚኒስቴር ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የካትሊን ሂውና የባልደረቦቿ ብሔራዊ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ዓመታት የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ አመልክቷል፤ በዚህ መለኪያ በአራተኛ ክፍል ማብቂያ የሚደረገው ሽግግር ከባድ ጭነት ነው።

በኑዌር ቋንቋ ቁጥር መቁጠር ምን እንደሚመስል የማያውቅ መምህር በክፍሉ ውስጥ ብዙ የሚያመልጠው ነገር አለ። አንድ ኬል፣ ሁለት ሬው፣ ሦስት ዲዮክ፣ አራት ንጓን፣ አምስት ዲየች ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ባኬል፣ ሰባት ባሮው፣ ስምንት ባዳክ፣ ዘጠኝ ባንጓን፣ አሥር ዋል ይሆናል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ስሞች በውስጣቸው የአንድን፣ የሁለትን፣ የሦስትንና የአራትን ስሞች ይዘዋል፤ ይህም አቆጣጠሩ አምስትን እንደ መሠረት ወስዶ አምስት ከአንድ፣ አምስት ከሁለት እያለ የሚሄድ መሆኑን ያሳያል። በአኝዋሃ ቋንቋም የስድስትና የሰባት ስሞች በተመሳሳይ መንገድ የተሠሩ ናቸው። የዚህ ጥቅም በስሌት ላይ ይታያል። 8 እና 7 ሲደመሩ የአማርኛ ተናጋሪው መምህር የሚጠብቀው መንገድ ከሰባቱ ላይ ሁለት ወስዶ ስምንቱን ወደ አሥር መሙላትና የቀረውን አምስት መጨመር ነው፤ ስምንትን አምስትና ሦስት፣ ሰባትን አምስትና ሁለት አድርጎ ለሚሰማ ልጅ ግን ሁለቱ አምስቶች ወዲያው አሥር ይሆናሉ፣ ሦስትና ሁለት ደግሞ ሌላ አምስት ይሆናሉ፣ ድምሩም 15 ነው። ይህ መንገድ ከመጽሐፉ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም በሁለት እጆች ጣቶች ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ በመሆኑ ለጀማሪ ልጅ የሚቀል ነው። ልጁ በጣቶቹ ሲሠራ የተመለከተ መምህር ግን «ጣት መቁጠር ተው» ብሎ ቢያቋርጠው፣ ከቋንቋው ጋር አብሮ የመጣለትን የአምስትና የአሥር ዕውቀት ከእጁ ነጥቆታል።

ወደ አምስተኛ ክፍል ሲሻገር ይኸው ልጅ ሌላ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል። በአማርኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሲባል አሥሩ በቃሉ ውስጥ ይሰማል፤ በእንግሊዝኛ ግን ኢለቨንና ትዌልቭ ውስጥ አሥር የሚባል ነገር አይሰማም፣ ፎርቲንና ፎርቲም በጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ። መምህሩ 14 ሲል 40 ብሎ የሚጽፍ ልጅ የቦታ ዋጋ ያልገባው፣ ወይም ገብቶት ቃሉን ያላጠራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ኤክስ ናቸው። ለመለየት የሚበጀው ቁጥሩን በሰሌዳ ጽፎ ልጁ በራሱ ቋንቋ እንዲያነበው መጠየቅ ነው። እንዲሁም ሦስት መቶ ስምንት ጻፉ ሲባል 3008 ብሎ የሚጽፍ ልጅ የሰማውን በታማኝነት ጽፏል፤ ሦስት መቶን 300፣ ስምንትን 8 አድርጎ ጎን ለጎን አስቀምጧልና። ከዚህ ልጅ ጋር መጀመር ያለበት ውይይት 3008 እና 308 ብር ያለው ሰው ማን የበለጠ ሀብታም እንደሆነ በመጠየቅ ነው።

ገንዘብ በዚህ ረገድ ታላቅ መምህር ነው። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ቴሬዚኛ ኑኔስ፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን በጎዳና ላይ ኮኮናትና ሌላ ፍራፍሬ የሚሸጡ አምስት ልጆችን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጥንተው፣ በገበያ ላይ ሆነው ለደንበኛ ከሚያሰሉት ውስጥ 98 በመቶው ትክክል ሲሆን ተመሳሳዩ ስሌት በወረቀት ላይ እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲቀርብላቸው 37 በመቶ ገደማ ብቻ እንዳገኙ በ1985 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ልጆቹ በጎዳናው ላይ የሚያሰሉት በመደማመር፣ ቁጥሩን በሚመች ቦታ በመክፈልና ወደ ሙሉ ቁጥር በመሙላት ነበር። በጋምቤላ ገበያም ማንጎ፣ ዓሣ ወይም በቆሎ በመሸጥ ወላጁን የሚረዳ ልጅ ለ27 ብር ዕቃ 52 ብር ሲሰጠው መልሱን በዚሁ መንገድ ያወጣዋል፤ ከ27 እስከ 30 ሦስት፣ ከ30 እስከ 52 ሃያ ሁለት፣ በጠቅላላው 25 ብር ይመልሳል። ጠዋት በደብተሩ 35 ብሎ የጻፈውና ከሰዓት በኋላ 25 ብር በትክክል የመለሰው አንድ ልጅ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ሁለቱን መልሶች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ የትኛው ትክክል እንደሆነና ለምን እንደሚለያዩ ልጁን ራሱን ቢጠይቀው፣ አሥሩን ፈትቶ ወደ አንድ ቤት ማምጣት ለምን እንዳስፈለገ ልጁ ሊያየው ይችላል፤ ደንቡን ለአምስተኛ ጊዜ ከመድገም ይህ ይሻላል።

ከብት አርቢ ከሆነው የኑዌር ማኅበረሰብ የሚመጣ ልጅም ባዶ እጁን አይመጣም። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘ ኑዌር በተባለው መጽሐፉ የከብት ቀለም ስሞችና የጥለት ስሞች እየተጣመሩ ብዙ መቶ ልዩ ልዩ መጠሪያዎችን እንደሚያስገኙ ገልጿል። አራት ቀለምና ሦስት ጥለት ቢኖር ስንት ዓይነት ከብት ሊኖር ይችላል የሚለው ጥያቄ ማባዛትን ከመደመር ባለፈ ለማስረዳት ከሚቀርቡት ምሳሌዎች ሁሉ ለዚህ ልጅ የቀረበ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት ከሚቀርበው የሸሚዝና የሱሪ ምሳሌም እጅግ ይበልጣል።

እዚህ ድረስ የተነገረው መምህሩ ስለሚያውቀው ነገር ነው። ማወቁ በክፍል ውስጥ እንዴት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ ቪክቶሪያ ጃኮብስ፣ ሊሳ ላምብና ራንዶልፍ ፊሊፕ በ2010 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጥናት ሦስት የተያያዙ ተግባራትን ለይተዋል፤ እነርሱም ልጁ የሠራውን በዝርዝር ማስተዋል፣ ያስተዋሉትን ልጁ ከሚያውቀው አንጻር መተርጎምና፣ በዚያ ትርጉም ላይ ተመሥርቶ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ መወሰን ናቸው። ጥናቱ ገና በሥልጠና ላይ ካሉ እጩዎች አንሥቶ የብዙ ዓመት ልምድ እስካላቸው ድረስ 131 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ሦስተኛው ተግባር፣ ማለትም ምላሹን በልጁ አስተሳሰብ ላይ መመሥረት፣ በማስተማር ልምድ ብቻ እንደማይገኝና ተከታታይ ሙያዊ ሥልጠና እንደሚጠይቅ አመልክቷል። ሃያ ዓመት ማስተማር በራሱ አዳማጭ አያደርግም፤ ብዙዎቻችን ከምናምነው ጋር ባይስማማም እውነቱ ይህ ይመስላል።

በተግባር ሲታይ ሦስተኛው የሚከብደው መምህሩ ትክክለኛውን መንገድ ስለሚያውቅና ለማሳየት ስለሚቸኩል ነው። ልጅ ሲሳሳት ጠመኔ አንሥቶ ትክክለኛውን ሠርቶ ማሳየት የደግነት ሥራ ይመስላል፣ ዓላማውም ደግነት ነው፤ ነገር ግን ልጁ የራሱን ደንብ ሳይጥል የመምህሩን ደንብ በላዩ ላይ ይደርበዋል፣ ከአንድ ሳምንት በኋላም ወደ ራሱ ይመለሳል። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመሩ ሁለት ሰባተኛ የሚል ልጅ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደምሯል፤ ሁለት ሰባተኛ ከአንድ ሦስተኛ እንደሚያንስ በተከፈለ ዳቦ ወይም በተሰመረ ወረቀት እንዲያይ ከተደረገና ተጨምሮበት እንዴት ሊያንስ እንደቻለ ከተጠየቀ ግን የራሱን ደንብ ራሱ ይመረምራል። ጥሩ ምላሽ ብዙ ጊዜ አጭር ጥያቄ ነው፤ እንዴት አወቅሽ፣ በሌላ መንገድ ብትሠሪው ያው ይመጣል ወይ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ለሁሉም ክፍል ይሠራሉ። ከጥያቄው በኋላ የሚሰጠው ዝምታም የጥያቄው አካል ነው፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚያስብ ልጅ ቃሉን ለማግኘት ጊዜ ያስፈልገዋልና።

የክፍል መጨናነቅ በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ብርቱ መቃወሚያ ነው፣ በቸልታ ሊታለፍም አይገባም። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ሳቢያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገብተው በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጄዊና በንጉኒየል መጠለያዎች ሰፍረዋል፤ በእነዚህ መጠለያዎች ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ልጆች የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። በክረምት ባሮና አኮቦ ሲሞሉ ደግሞ በኑዌር ዞንና በኢታንግ ልዩ ወረዳ ቀበሌዎች በውሃ ይከበባሉ፣ ቤተሰቦችም ወደ ደረቅ ቦታ ይሸሻሉ፣ የመስከረሙም ትምህርት ይዘገያል። በዚህ ሁኔታ ለአንድ መቶ ልጅ አንድ በአንድ ጥያቄ ማቅረብ አይቻልም። ይሁንና ችግሩ ማዳመጥን አላስፈላጊ አያደርገውም፤ ሦስት ወር ከትምህርት ተለይቶ የመጣን ልጅ ከየት መቀጠል እንዳለበት የሚያውቅ መማሪያ መጽሐፍ የለም፣ ሊያውቅ የሚችለው ያነጋገረው መምህር ብቻ ነው። የሚቻለው በቀን ሦስት ወይም አራት ልጅ መርጦ ማነጋገር፣ አሥር ጥያቄ ከመስጠት ሁለት ጥያቄ ሰጥቶ አሠራሩን ማስጻፍ፣ በእርማት ጊዜም ተመሳሳይ ስህተት ያለባቸውን ደብተሮች በአንድ ላይ መደርደር ነው። ከመቶ ደብተር የሚወጣው የስህተት ዓይነት መቶ ሳይሆን አራት ወይም አምስት እንደሆነ ይህንን የሞከረ መምህር ያየዋል፤ ለአምስት ቡድን አምስት ምላሽ ማዘጋጀትም የሚቻል ሥራ ነው።

በአገራችን ለዚህ ባዕድ ያልሆነ ልማድ አለ። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ተማሪ ለየብቻው አስነብበው ይሰሙታል፣ ከደረሰበት ያስቀጥሉታል፤ የቀደመው ተማሪም የኋለኛውን ያስጠናል። የሚሰሙት ንባቡን እንጂ የልጁን ምክንያት አለመሆኑ እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መድረሻ እንዳለው መቀበሉ ግን ብዙ ዘመናዊ ክፍሎች ያጡት ነገር ነው። በተቃራኒው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የተዘጋጀ ትምህርትን ወደ ሩቅ ቦታ በማድረስ በኩል በጎ ሐሳብ ቢኖረውም፣ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ የተቆረጠ ሴኮንድ ከጠበቀ በኋላ ራሱ መልሶ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በጋምቤላ የተቀመጠው ተማሪ ምን እንዳሰበ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። አሁን በስልክና በታብሌት የሚመጡ የሒሳብ ማስተማሪያዎችም በዚሁ መመዘኛ ሊመዘኑ ይገባል።

ስለዚህ ለክልሉ ትምህርት ቢሮና በጋምቤላ ከተማ ለሚገኘው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚቀርበው ጥሪ የተወሰነ ነው። እያንዳንዱ እጩ መምህር ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ትምህርት ከማቅረቡ በፊት ቢያንስ ጥቂት ልጆችን በሚናገሩት ቋንቋ፣ እርሱ ካልቻለም በአስተርጓሚ፣ በሒሳብ ጥያቄ ላይ ያነጋግር፣ የሰማውን ቃል በቃል ይጻፍ፣ ይህም ለውጤቱ ይታሰብለት። በየዓመቱ ከእጩዎቹ የሚሰበሰበው ጽሑፍ ተጣርቶ በአኝዋሃ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋ የሚማሩ ልጆች በብዛት የሚሄዱባቸውን የስሌት መንገዶች፣ የሚደጋገሙ ስህተቶቻቸውንና የሠሩ ምላሾችን የያዘ መጽሐፍ ሆኖ ይታተም፣ ከሌላ ክልል ለሚመደበው መምህርም በመጀመሪያው ቀን ይሰጠው። ወላጆች ደግሞ ልጃቸው ካርድ ይዞ ሲመጣ ስንት እንዳገኘ ከመጠየቃቸው ጋር አንዱን ጥያቄ እንዴት እንደሠራው በቤታቸው ቋንቋ እንዲያስረዳቸው ይጠይቁት፤ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ይህንን መጠየቅ ይችላል።